የአባ መከታ ፈተና

ልጅ እያለሁ የአባቴ እጅ ፈረስ ፈረስ ይሸት ነበር። ሳሙናም አያስለቅቀው። ቅዳሜ ከሰዓት ገላውን ታጥቦ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ሲቀመጥ እንኳ ጠጋ ላለ ሰው ከመዳፉ የላብ፣ የገለባና የቆዳ ጠረን ይመጣል። እናቴ ትማረርበት ነበር። እኔ ግን የአባት ጠረን ማለት ያ ይመስለኝ ስለነበር የሌሎች ልጆች አባቶች ለምን እንዲህ እንደማይሸቱ ይገርመኝ ነበር። እኩዮቼ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ የዚያን ጊዜ አባቶች ብዙ አይናገሩም፤ የምናውቃቸው በጠረናቸውና በእርምጃቸው ድምፅ ነበር።

አባቴ የንጉሡ ፈረሰኛ ጦር ባልደረባ ነበር፤ በበዓል ቀን ባንዲራ ያሰረ ጦር ቀጥ አድርገው ይዘው በሰልፍ ከሚያልፉት አንዱ። ፈረሱ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦቃ ያለበት ዳማ ነው፤ ስሙ መከታ። በድሮው ወግ ጀግና ሰው በራሱ ስም ሳይሆን በፈረሱ ስም ነው የሚጠራው፤ አባ እገሌ ይባላል። ይህ የመኳንንቱ ወግ ነው፤ አባቴ ደግሞ ተራ አሥር አለቃ ነበር። ቢሆንም የሠፈራችን የኮልፌ ሰው ግማሹ እያሾፈ፣ ግማሹ እያከበረ «አባ መከታ» ይለዋል። አባቴ ሲጠሩት ይኮሳተራል፤ እንደሚወደው ግን ሁሉም ያውቃል።

አንዳንድ እሁድ ወደ ጋጣው ይዞኝ ይሄዳል። ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ አውቶቡስ እንሳፈርና ጠዋቱን ሙሉ እዚያው እንውላለን። ፈረስ ላይ ከመወጣቱ በፊት የሚታየውን ሁሉ ያስተማረኝ በእነዚያ ቀናት ነው። ሰኮናው ይነሣል፣ ልጓሙ ይፈተሻል፣ ጀርባው ይዳበሳል። ከሁሉ ያሳቀኝ ግን የሆዱ ጠፍር ነገር ነበር። ፈረስ ተንኮለኛ ነው፤ ኮርቻው ሲጫንበት ጠፍሩ እንዳይጠብቅበት ሆዱን ይነፋል። ያላወቀ ሰው አሰርኩ ብሎ ሲወጣ ኮርቻው ዞሮ መሬት ላይ ያፈርጠዋል። ያወቀ ሰው ግን መጀመሪያ ላላ አድርጎ ያስርና ጥቂት ያራምደዋል፤ ፈረሱ ዘንግቶ ትንፋሹን ሲለቅ ያን ጊዜ ጠበቅ ያደርገዋል። «አይታገሉትም፤ ያዘናጉታል» ይለኝ ነበር አባቴ።

አብዮቱ ሲመጣ ፈረሰኛ ጦር የፊውዳል ጌጥ ነው ተባለ። ፈረሶቹ በከባድ መኪና እየተጫኑ ተበተኑ። አባቴ የመከታን ልጓም በገዛ እጁ አውልቆ አስረከበ፤ ወዴት እንደሚወስዱት አልጠየቀም። ለጥቂት ወራት ቤት ይውልና የማይሠራውን ይሠራ ጀመር፤ አጥሩን ያፈርሳል፣ መልሶ ያጥረዋል። ከዚያ አንድ ቀን የድሮዎቹ ፈረሰኞች ተጠርተው ለታንከኛነት ኮርስ እንዲገቡ ተነገራቸው። ኮርሱ ሦስት ወር ነው፤ መጨረሻው ላይ ፈተና አለ። ያለፈ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ግንባር ይሄዳል። የወደቀ ግምጃ ቤት ገብቶ ጫማና ብርድ ልብስ ሲያድል ይኖራል።

ከአባቴ ጋር ሌላም የሠፈራችን ሰው ተጠርተው ነበር፤ ጋሼ ተካ። ከአባቴ ጋር አብረው ፈረሰኛ ጦር የገቡ፣ ሁለት አጥር አልፎ ያለ ቤት የሚኖሩ፣ ሲስቁ እስከ እኛ ጓሮ የሚሰሙ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ሙሉ የክፍሌ ልጅ፣ የአንድ ዴስክ ጓደኛዬ ናት።

አባቴ መጀመሪያ ላይ ታንክ አልወደደም። ቁና ቁና እየተነፈሰ፣ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ይገባና «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል ነበር፤ ይሄኛው ያደርሳልም ይዋጋልም፤ ታዲያ የሰውየው ሥራ ምንድን ነው?» ይላል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ፊቱ በርቶ መጣ። አሠልጣኞቹ ከሶቪየት የመጡ ነበሩና አንዱ ሽማግሌ በአስተርጓሚ ሲያጫውታቸው ውሏል። በውጭ አገር ሁሳር የሚባሉ ፈጣን ፈረሰኞች ነበሩ አላቸው፤ ደረታቸው ላይ በገመድ ጥልፍ ያጌጠ ኮት የሚለብሱ፣ ከጦሩ ቀድመው ሄደው ጠላትን የሚሰልሉ፣ የሸሸውን የሚያባርሩ። መትረየስ ሲመጣ ፈረስ ከጦር ሜዳ ወጣ፤ ብዙዎቹ ሁሳሮች ግን አልተበተኑም፤ ታንክና ብረት ለበስ ተሰጣቸው። እስከ ዛሬ በአንዳንድ አገር ብረት ውስጥ ተቀምጠው ሁሳር እንደተባሉ አሉ። አባቴ ይህን ሲነግረን ቆሞ ነበር። «እኛ ብቻ አይደለንም» አለ። «ፈረሱ ይሄዳል፤ ፈረሰኛው አይሄድም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማለፍ ፈለገ። ሰው አንድን ነገር እንደዚያ ሲፈልግ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አላየሁም።

ችግሩ ትምህርቱ አልገባ አለው። አባቴ ዳዊት የደገመ ሰው ነው፤ ማንበብ ያውቃል። ነገር ግን ማስታወሻው ከሰሌዳ ላይ በጥድፊያ የተገለበጠ፣ ግማሹ የፈረንጅ ቃል የሆነ ደብተር ነበር። ከሁሉ ያስቸገረው ደግሞ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የሚታዩት ነገሮች ቅደም ተከተል ነው፤ ፈታኙ ፊት ቆሞ እየጠሩ፣ እየነኩ መሄድ ያስፈልጋል። ታንኮቹ ጥቂት፣ ሠልጣኙ ብዙ ስለነበር አባቴ ተራው ደርሶ ሲገባ ሞተሩ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ያስነሣው ነው። እናም ያን ክፍል በእጁ አያውቀውም፤ በቃሉ መያዝ ነበረበት።

እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከክፍሉ አንደኛ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር አቁመን ታንክ አደረግነው። ቃሎቹ አልያዝ ሲሉት አንድ ዘዴ መጣልኝ፤ እያንዳንዱን በፈረስ ልንገርህ አልኩት። ሰንሰለቱ ሰኮና ነው፤ መሪዎቹ ልጓም ናቸው፤ ናፍጣው ገብስ ነው። አባቴ ወንበሩን እየዞረ፣ እየዳበሰ በሦስት ቀን ግማሹን አወቀው። በአዲስ ደብተር ሁሉንም በንጹሕ ጽሕፈት ገለበጥኩለት። «አስተማሪዬ» ይለኝ ጀመር፤ በእኔ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም።

ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው እናቴ ጓሮ ምስር ስትለቅም ጠራችኝ። ታናሽ ወንድሟ ከስድስት ወር በፊት ወደዚያው ግንባር ሄዶ ወሬው ጠፍቷል። ቀና ብላ አላየችኝም። «አንቺ ልጅ» አለችኝ፤ «አባትሽ ይሄን ነገር ባያውቀው ምን እንጎዳለን?» ምስሯን መልቀም ቀጠለች። እኔም ገባኝ። ያስተማረኝ እሱ ስለሆነ አባቴ በምን እንደሚታለል ከእናቴ ይልቅ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ደብተሩ ላይ እንዲህ ይላል፤ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ዘይቱ በፓምፕ ይገፋል፤ ዘይት ሳይደርሰው የተነሣ ሞተር ይሞታል። እኔ ገጹን ገንጥዬ እንደገና ጻፍኩት፤ ሞተሩ ይነሣል፣ ጥቂት ይሠራል፣ ከዚያ ዘይቱ ይገፋል። አባቴ ሲያነበው ግንባሩን ቋጠር አደረገ። «አባባ፣ ይሄ የሆዱ ጠፍር ነው» አልኩት። «መጀመሪያ ላላ ብሎ ጥቂት ይራመዳል፤ ሲዘነጋ ነው የሚጠብቀው።» አባቴ እጁን ጭኑ ላይ መትቶ ሳቀ፤ ብረቱም ለካ ተንኮል ያውቃል አለ። ከዚያ በኋላ ያንን ክፍል አንድም ቀን አልተሳሳተም።

የፈተናው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሙሉ መጣች። ጋሼ ተካም እንደ አባቴ ቅደም ተከተሉ አልያዝ ብሏቸው ኖሯል፤ ያንቺን ደብተር አውሺኝና ልገልብጥላቸው አለችኝ። እዚህ ላይ ነው የሚደክመኝ። ሕፃን ነበርኩ ብዬ ልለፈው አልችልም፤ አስቤበታለሁና። ሁለቱም አንድ ዓይነት ስሕተት ቢሳሳቱ፣ ከየት አመጣችሁት ሲባሉ ነገሩ እኔ ላይ ይደርሳል ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ የገነጠልኩትን ትክክለኛውን ገጽ ፍራሼ ሥር ከደበቅኩበት አውጥቼ በልሙጥ ወረቀት ገለበጥኩና ሰጠኋት። የፈረሱንም ዘዴ ከነማብራሪያው ጻፍኩላት። አንገቴን አቅፋ ስማኝ እየሮጠች ሄደች።

በማግሥቱ አባቴ ከወትሮው ቀድሞ መጣ፤ በእግሩ ነበር የመጣው። ኮፍያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ሁሉንም ነገር አንድ ሳይስት ሲጠራና ሲነካ ቆይቶ፣ ዘይቱን ሳይገፋ ሞተሩን አስነሣው። ፈታኙ እጁን ከላዩ ላይ መንጭቆ አጠፋው። አንድ ጥያቄ እንኳ አልተጨመረለትም። ጋሼ ተካ ግን ከአንደኞቹ ጋር አልፈዋል።

እናቴ ውሃ ልታመጣ ብላ ወጥታ ቆየች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። አባቴ የሐዘን እንባ መስሎት «ተይ እንግዲህ» አላት። እኔን ግን ሲያየኝ ራሱን ነቀነቀ። «አንቺ በደንብ አስተምረሽኛል» አለኝ። «መከታ ነው ያሳሳተኝ። የእሱ ነገር ከእጄ አልወጣ አለ። ምናልባት ጠፍሩን ስትነግሪኝ የተናገርሽውን ገልብጬ ሰምቼ ይሆናል።» ደብተሩን ገልጦ ቢያይ ኖሮ በእኔ ጽሕፈት ያገኘው ነበር። አላየም። ልጁን የሚጠረጥር ሰው አልነበረም።

ጋሼ ተካ በሁለተኛው ሳምንት ሄዱ። ሲሰናበቱ አባቴን ለብቻው አቅፈው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁትም። ወደ ክረምቱ መግቢያ ሁለት ወታደሮችና አንድ የቀበሌ ሰው ከማዞሪያው ወደ ውስጥ ሲታጠፉ ያየ ሁሉ ሥራውን ትቶ ቆመ፤ በየትኛው በር እንደሚገቡ ለማየት። የእኛን በር አለፉት። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየኋት፤ መጀመሪያ ትንፋሿ ወጣ፣ ከዚያ ወዴት እንደሚሄዱ ገባትና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች፤ የገቡት በጋሼ ተካ በር ነበር።

አባቴ መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ ግምጃ ቤት ሠራ። የጫማ ቁጥር ከሰው እግር ላይ በዓይን ያውቃል ተብሎ ይወራለት ነበር። «አባ መከታ» የሚለው ሰው እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ፤ እሱም ቢሆን ሲጠሩት አይዞርም ነበር። ራሱን ደደብ አድርጎ ቆጠረ። ቀበሌ ስብሰባ ላይ አስተያየት ሲጠየቅ «እኔ እንኳ ነገር አይገባኝም» ይላል፤ በቀልድ ሳይሆን ከልቡ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ወደ ጋሼ ተካ ቤት ሄዶ እንጨት ይፈልጣል፣ የፈረሰ አጥር ያቆማል። ሙሉን ለሠርጓ እጇን ይዞ ያወጣት እሱ ነው። ስንት ጊዜ ልነግረው አፌን እንደከፈትኩ አላውቅም። ብነግረው ደደብ አለመሆኑን ያውቃል፤ ነገር ግን የጋሼ ተካ መንገድ በየት በኩል እንዳለፈም ያውቃል። አንዱን ሰጥቼ ሌላውን ማስቀረት የምችልበት ዘዴ አጣሁ። እናቴም ምስጢሩን ይዛ ቀድማው ሄደች።

ባለፈው ዓመት አባቴ እርጅናውን ጠግቦ፣ አልጋው ላይ፣ እጁ በእጄ ውስጥ እንዳለ አረፈ። ዛሬ ሠፈሩ ያ ሠፈር አይደለም። በረንዳችን ከነአግዳሚው ፈርሶ ፎቅ ወጥቶበታል፤ ታንክና ፈረስን አንድ አድርጎ ማሰብ የሚያስቅ ነገር ሆኗል፤ ልጆቼ አያታቸውን የሚያውቁት ጫማ አዳይ እንደነበር ነው። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰዉ ሁሉ «የታደለ ሰው፤ ጠግቦ፣ ጧሪ ቀባሪ ኖሮት ሞተ» ይል ነበር። እውነት ነው፤ እኔም ስሰማው ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ደስታ ልክድ አልፈልግም፤ አባቴን ለእርጅና አብቅቼዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሙሉ አጠገቤ ተቀመጠች። እሷም ሸብታለች፤ ጉልበቷን እያሸች ነው የምትቀመጠው። ጎናችን ለነበሩት ሴቶች ስለ እኔ ታወራ ጀመር። «አባቴን ለታንከኛነት ያሳለፈችው ይቺ ናት፤ በአራተኛ ክፍል ዕውቀቷ» አለቻቸው። «አባዬ ሊሄድ ሲል ምን እንዳለኝ ልንገራችሁ? የዚያች ልጅ ወረቀት ባይኖር ኖሮ ግምጃ ቤት ቀርቼ ነበር አለኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ በዚያ በልጅነት ፊቷ፣ «እስከ ዛሬ እኮ በደንብ አላመሰገንኩሽም» አለችኝ።

ሴቶቹ በአድናቆት አዩኝ። ሙሉ እጄን ያዘች፤ መልስ እየጠበቀች ነበር። እኔም «ምን አደረግኩ፣ እሳቸው ጎበዝ ነበሩ» አልኳት።