ከቤሩት የመጣው ጋሪ

የሕፃን ጋሪ ማጠፍ ሁለት እጅና አንድ እግር ይጠይቃል። ጋሪውን የሠራው ሰው ግን በዚያ ሰዓት ልጁን ማን እንደሚይዘው አላሰበበትም። አትጠገብ ከፈለኝ ይህን የተረዳችው ቤሩት አውሮፕላን ማረፊያ፣ ፍተሻው በር ላይ፣ ከኋላዋ ሰልፈኛው እያጉረመረመ ነው። የሁለት ዓመቷ ውዳሴ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ተኝታለች። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ክርኗ ላይ ተንጠልጥሏል። ፈታሹ በአረብኛ «እጠፊው» ይላታል፤ እሷም ልታጥፈው ትታገላለች፤ ጋሪው ግን ግማሽ መንገድ ይሄድና እንደ ግትር በቅሎ ቀጥ ይላል።

መጨረሻ ላይ ጫማዋን አውልቃ በተረከዟ ስትረግጠው እጥፍ አለ። እፎይ ሳትል ከፍተሻው ማዶ መልሳ ዘረጋችው፤ አውሮፕላኑ በር ላይ ደግሞ እንደገና ማጠፍ ይጠብቃታል። ሰው አገሩ ለመግባት ይህን ያህል ጎንበስ ቀና ይላል? ወገቧ ሊቆረጥ ደርሷል።

ጓደኞቿ ትታው እንድትሄድ መክረዋት ነበር። ዲላ ላይ ልጅ በጀርባ ነው የሚታዘለው፣ ይህን ብረት እየጎተትሽ ምን ልትሆኚ ነው ብለዋታል። እውነታቸውን ነው። ግን ጋሪ ይዤ እመጣለሁ ብላ ለአባቷ አንዴ ነግራቸዋለች። ለአባቷ የነገረቻቸው ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

አባቷ ጋሽ ከፈለኝ ዲላ ውስጥ ጋሪ ነጂ ነበሩ። ባጃጅ ከተማዋን ሳይወርራት በፊት፣ ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ ሰፈር፣ ሰው የሚመላለሰው በእሳቸውና በመሰሎቻቸው ጋሪ ነበር። ፈረሳቸውን ዳማ ይሉታል። የአትጠገብ እናት ስትሞት ልጅቷ ገና ጡት አልተወችም። ጋሽ ከፈለኝ የሚተዉላት ሰው አልነበራቸውምና ጎናቸው አስቀምጠው፣ በነጠላ ከወገባቸው ጋር አስረው፣ ቀኑን ሙሉ ይዘዋት ይዞሩ ነበር። ተሳፋሪው «ይቺስ የማን ናት?» ሲላቸው «ሒሳብ የማትከፍል ተሳፋሪ ናት» ይላሉ። ያደገችው ቤት ሳይሆን ጋሪ ላይ ነው ብንል አልዋሸንም።

ኋላ ባጃጅ መጣ። ለጋሪ የሚቆም ሰው ጠፋ። ዳማ አርጅቶ ሞተ፣ የጋሪው እንጨት ለአጥር ዋለ፣ ጋሽ ከፈለኝም የቡና መጋዘን ዘበኛ ሆኑ። አትጠገብ ወደ ቤሩት ስትሄድ መናኸሪያው ላይ አንገታቸውን አቅፋ «አይዞዎት አባባ፣ ጋሪዎን እመልስልዎታለሁ» ብላቸው ነበር። ሰው ሲሰናበት ብዙ ነገር ይላል። እሷ ገና የዲላ ባጃጆች ከዓይኗ ሳይጠፉ ረስታዋለች።

ቤሩት የሰው ወለል ስትወለውል፣ የሰው ልጅ ስታሳድግ ዓመታት ነጎዱ። እዚያው መላኩ ከሚባል ቀለም ቀቢ ጋር ተዋደዱ። ሆዷ ሲገፋ እሱ በቱርክ በኩል ወደ አውሮፓ ልሻገር ብሎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩም አልሠራ፣ ወሬውም አልተሰማ። ሽማግሌ ሳይላክ፣ ሠርግ ሳይደገስ፣ ልጅ ብቻ ቀረ። ይህን ለአባት በስልክ እንዴት ብሎ ይነገራል? በደወለች ቁጥር ዛሬስ እነግራቸዋለሁ ትልና ቃሉ አፏ ላይ ሲደርስ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘንድሮው ቡና ጠይቃ ትዘጋለች።

የመሄጃዋ ቀን ሲቆረጥ ግን ማምለጫ አጣች። ደወለች። መስመሩ ይቆራረጣል።

«አባባ፣ ብቻዬን…» ስትል ስልኩ ዋጠው።

«ምን አልሽ?»

ልጅ የሚለው ቃል እንደ ልማዱ አልወጣ አላት። ዓይኗ ጥግ ላይ በቆመው ቀይ ጋሪ ላይ አረፈ። አሠሪዋ ማዳም የራሷ ልጆች ሲያድጉ የሰጠቻት ነው። አትጠገብ ሁልጊዜ በአረብኛ ነው የምትጠራው፤ የአማርኛ ስሙ ከአፏ የወጣው ያን ቀን ነው።

«ጋሪ! ጋሪ ይዤ ነው የምመጣው።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰላት። ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ መጣ። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ። እግዜር ያክብርሽ። ይህን ሳላይ እንዳልሞት ስለምነው ነበር።» አለቀሱ። እሷም አለቀሰች።

ገባቸው ብላ አመነች። ጋሪ ካለ ልጅ አለ፤ ይህማ ምን ማብራሪያ ይፈልጋል? ተቀብለውኛል፣ መርቀውኛል አለች። ጋሪውን ከቤሩት ዲላ እንድትጎትተው ያደረጋት ይህ ምርቃት ነው።

አውሮፕላኑ በር ላይ አስተናጋጇ ጋሪውን ተቀብላ ወረቀት አሰረችበትና ወሰደችው። ውዳሴ ያኔ ነቃች። ይቺ ልጅ ከጋሪዋ ውጭ መተኛት አታውቅም፤ እናቷ የማዳምን ልብስ ስትተኩስ በአንድ እግሯ ጋሪውን ወዲያና ወዲህ እያደረገች ነው ያሳደገቻት። አሁን እግር የሚዘረጋበት ቦታ የለም። ጉልበቷን ስታወዛውዝ፣ ጆሮዋን ያመማት ልጅ ስታለቅስ፣ ጎኗ ያለው ሰውዬ ሲገላምጣት፣ ምግቡ ሳይነካ ተነሣ። ከደመና በላይ መሄድ እንዲህ ከሆነ የዲላ አውቶቡስ ምን በወጣው አለች። አዲስ አበባ ሲደርሱ ጉልበቷ የራሷ አይመስልም ነበር።

ልጅ አዝላ ከወረደች በኋላ ደግሞ ጋሪው የለም።

«ወንድሜ፣ ጋሪዬን የት ነው የማገኘው?» አለችው አንዱን ሠራተኛ።

«እዚያ ጋ ተደርድሮልሻል» ብሎ የሻንጣ መግፊያዎቹን አሳያት።

«እሱን አይደለም። የኔ ጋሪ ጠፍቶብኝ ነው።»

«ታዲያ ሌላ ውሰጂያ! ሞልቷል እኮ።»

«እኔ የራሴን ነው የምፈልገው!»

«እህቴ፣ የራሴ የሚባል ጋሪ የለም፣ ሁሉም የአየር ማረፊያው ነው» አላት፤ ደክሟት ያበደች መስሎት በጣም በትሕትና። በደግነቱ አንዲት ወለል የሚጠርጉ እናት አትጠገብ ጀርባ ላይ ያለችውን ልጅ አይተው «የዚችን ነው? እሱማ ከትልልቁ ዕቃ ጋር ወጥቷል» ብለው መሯት። ጋሪው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አቅፋው ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ሰው ሁሉ ጋሪ ሲባል የሚያውቀውን ጋሪ ነው የሚያስበው። ይህን ነገር ልብ ብላው ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ በነቃች፤ ግን በዚያ ድካም ላይ ማን ልብ ይላል?

አውቶቡስ ተራው አጠገብ ባረፈችበት አልጋ ቤት ስልክ ለምና ደወለች።

«ገባሽ? ተመስገን! ጋሪውስ በደህና ገባ?»

አስቀድመው ስለ ጋሪው መጠየቃቸው ልቧን ሞላው። «ገብቷል አባባ። ተጣጥፎ ነው የመጣው።»

«ተጣጥፎ?» ጋሽ ከፈለኝ ሳቁ። «የፈረንጅ ነገር! ጎማውስ ሁለት ነው?»

«አራት ነው።»

«አራት! ኧረ ጉድ ነው። እንግዲህ ስለ ፈረሱ አታስቢ። ሠረቀብርሃን የወንድሙን ፈረስ ሊያውሰኝ ተስማምተናል። ነገ መናኸሪያው ድረስ ይዘነው እንመጣለን። ከዚያው ጭነንሽ እንገባለን፣ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል!»

አትጠገብ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ስንብቷ ላይ ያለችው ነገር ከእነ ቃሉ ትዝ አላት። አሁን ልንገራቸው ብላ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «እሺ አባባ» ነው።

በማግሥቱ አውቶቡስ ውስጥ ሐሳቧ ሁሉ አንድ ነበር። ያላት አባት አንድ ነው፤ ያላት ቤትም የእሳቸው አንድ ክፍል ቤት ነው። ፈረስ ለምነው፣ ሰፈር ጠርተው ሲጠብቁ፣ አባት የሌላትን ልጅ ይዛ ዱብ ልትል ነው። ቢያባርሯት አይፈረድባቸውም። ሀዋሳ ላይ ልውረድና ልጥፋ ብላ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ነበር። ግን ጋሪው አውቶቡሱ ጣራ ላይ ከሰው ጆንያ ሥር ታስሯል፤ ረዳቱን አስወጥቶ፣ ያን ሁሉ ዕቃ አስፈትቶ ለመውረድ አቅም አልነበራትም። ተመልሳ ተቀመጠች። እውነቱን ለመናገር ዲላ የደረሰችው ደፍራ ሳይሆን ደክማ ነው። አለታ ወንዶን አልፈው እንሰቱና ቡናው መንገዱን ግራና ቀኝ ሲያጥረው ዓይኗን ጨፈነች።

መናኸሪያው ላይ ጋሽ ከፈለኝ ከሩቅ ይታያሉ። የክት ኮታቸውን ለብሰዋል፤ የድሮ አለንጋቸውን ይዘዋል። ጓደኛቸው ሠረቀብርሃን ግንባሩ ላይ ቀይ ክር የታሰረለት ቡላ ፈረስ ልጓም ጨብጦ ቆሟል። አላፊ አግዳሚው ምን ሊሆን ነው ብሎ ያያል። ጋሽ ከፈለኝ ልጃቸውን ስመው ስመው ሳይጠግቡ ዓይናቸው ወደ ጣራው ሄደ። ረዳቱ ቀዩን ጋሪ አወረደው። አትጠገብ ዘረጋችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያስቸግራት ተዘረጋ።

«ጋሪው ይሄ ነው?»

«አዎ አባባ።»

ያኔ ነው ጀርባዋ ላይ ያለችውን ያዩት። ውዳሴ ግን ያየችው ፈረሱን ብቻ ነው። ከነጠላው ውስጥ እጇን አውጥታ በአረብኛ ጮኸች።

«ምን አለች?»

«ፈረስ ነው የምትለው።»

«የማን ልጅ ናት?»

«የኔ። ያን ቀን ልነግርዎት ነበር፣ አፌ እምቢ ብሎኝ ነው።»

«አባቷስ?»

«የለም።»

የጋሽ ከፈለኝ ፊት አመድ መሰለ። አለንጋውን አጣጥፈው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። «ፈረሱን መልሰው» አሉት ሠረቀብርሃንን። ሠረቀብርሃንም ሰው ፊት ላለማየት እያቀረቀረ ፈረሱን ይዞ ሄደ። ውዳሴ ፈረሱ ሲሄድባት እሪ አለች። ጋሽ ከፈለኝ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ በሩ ተራመዱ፤ ነይ አላሉ፣ ሂጂ አላሉ።

አትጠገብ ልጅቷን ጋሪው ላይ አስቀመጠቻትና መግፋት ጀመረች። ወዴት እንደምትገፋ ግን አታውቅም። እግሯ ስለለመደ ብቻ አባቷን ተከተለች። የፊት ጎማው ከቤሩት ጀምሮ እንደሚያደርገው ሲጥ፣ ሲጥ ይላል።

ሽማግሌው ቆሙ። ያቆማቸው የጎማው ድምፅ ነው። ተመልሰው መጡና ልጅቷን ሳያዩ፣ እናቷንም ሳያዩ፣ ጋሪውን አዩት።

«አቁሚ። ይቺ ጎማ ትጎትታለች።»

በርከክ ብለው ጋሪውን በአንድ እጃቸው ወደ ኋላ አዘነበሉት። ልጅቷ ለቅሶዋን አቋርጣ አየቻቸው። በሰንጢያቸው ጫፍ ከጎማው መሐል የተጠመጠመ ክርና ጸጉር ጎልጉለው አወጡ። ጎማዋን በጣታቸው መቷት፤ ያለ ድምፅ ተሽከረከረች። እንደገና መቷት። ውዳሴ ሳቀች።

«በዚች ጎማ ነው ከአረብ አገር ድረስ የገፋሻት?»

«አዎ።»

«እጅሽ አልደከመም?»

አትጠገብ ከቤሩት ጀምሮ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። «ደክሟል አባባ» አለችና ያ የያዘችው ሁሉ ዝርግፍ አለ፤ መናኸሪያ መሐል እንደ ሕፃን አለቀሰች። ጋሽ ከፈለኝ የጋሪውን እጀታ ከእጇ ወሰዱት።

በሩ ላይ አንድ ባጃጅ ነጂ «ጋሽ ከፈለኝ፣ ይግቡ ላድርስዎት» አላቸው። «በጋሪ ነን» ብለውት አለፉ። አስፋልቱን ዳር ዳሩን ይዘው፣ ጉድጓድ ሲያጋጥም ቀድመው እያዘገሙ፣ ዳገቱ ላይ ትከሻቸውን እየሰጡ ሄዱ። ሰፈር ሲደርሱ ባለ ሱቁ አምሃ ወሬውን ሲጠብቅ የዋለ ነበርና ከሱቁ ብቅ አለ። ከኋላው ሌሎችም አሉ።

«እህስ ጋሽ ከፈለኝ፣ ጋሪው መጣ?»

አትጠገብ መሬቱን አየች። ጋሽ ከፈለኝ ጋሪውን አቁመው፣ ላባቸውን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉ።

«መጣ» አሉ። «ሒሳብ የማትከፍል ተሳፋሪ ይዞ ነው የመጣው። የልጅ ልጄ ናት።»

ከዚያ መግፋታቸውን ቀጠሉ። አትጠገብ ከኋላ ከኋላቸው ትከተላለች። ባዶ እጇን ምን እንደምታደርገው ጠፍቷት ነበር።