የእትዬ ካውያ መቶ አስራ ስምንት ዘፈኖች

እትዬ ካውያ እኛ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሸሚዝ ተኩሰዋል። ስማቸው ሌላ ነው፤ ካውያውን ከእጃቸው ለይቶ ያያቸው ስለሌለ ግን እንዲሁ ቀረ። ፊደል አልቆጠሩም። ስልካቸው ለመደወልና ለመቀበል ብቻ የምትሆን፣ ጀርባዋ በፕላስተር የታሰረ ናት። ይሁንና የሁላችንን የዘፈን ዝርዝር የሚያስተዳድሩት እሳቸው ነበሩ።

ዝርዝሩ የተከፈተው በእኔ ስልክ ሆኖ የሁላችንም ስልክ ላይ ይታያል። ቆራጯ፣ ቁልፍ የምትተክለው ልጅና እኔ የወደድነውን ዘፈን እየጨመርን በስፒከር እንሰማለን። የት ቦታ እንደሚገባ የሚወስኑት ግን እትዬ ካውያ ናቸው። ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሆነው እጃችንን ያያሉ። «ይሄ ኮሌታ ላይ አይሆንም፣ ስፌት ያስሮጣል። ከምሳ በኋላ፣ ዓይናችሁ ሲከብድ አድርጊው» ይሉኛል። መጀመሪያ እስቅ ነበር። አንድ ቀን ሳልነግራቸው የጠዋቱን ከከሰዓቱ ቀላቅዬ ከፈትኩና እስከ ምሳ አስራ አንድ እጅጌ ተረተርኩ። ከዚያ ወዲህ አፌን ያዝኩ።

እንዲህ እንዲህ ሲባል ዝርዝሩ የሥራ ቀናችንን አከለ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ይጀምራል፣ ለምሳ አንድ ሰዓት ያርፋል፣ አስር ሰዓት ላይ ያልቃል። መቶ አስራ ስምንት ዘፈን።

ቆራጯ ዓይኗን ቀዶ ጥገና ልትደረግ ቀጠሮ ሲያዝላት፣ ሁለቱም ዓይኖቿ ለአምስት ቀን ታሽገው እንደሚቆዩ ሐኪሙ ነገራት። ከሁላችን አብልጣ የምትስቅ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደጠመጠመች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሕመሙን አይደለም የፈራሁት» አለችኝ። «ጠዋትና ማታው እንዳይጠፋኝ ነው። እናቴ እንዲህ ተኝታ ሰዓቱ ሲጠፋት፣ ልቧም አብሮ ጠፋ። ዝርዝራችንን ስልኬ ላይ አስተካክይልኝ። እሱ ካለ ከእናንተ ጋር ውዬ እገባለሁ።»

«ይሄማ ምን አላት» አልኳት።

ሆስፒታል ልትተኛ ሁለት ቀን ሲቀራት ስልኬ ሞልቶ የልጄን ፎቶ አላነሳም አለኝ። ከእኔ ላይ ላጥፋው፣ ኋላ ከእነሱ እወስደዋለሁ ብዬ ዝርዝሩን ሰረዝኩ። በማግስቱ ጠዋት የሁሉም ስልክ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ለካ የከፈትኩት እኔ ስለነበርኩ ከነሥሩ ነቅዬዋለሁ።

«አይ የኛ ስልክ አዋቂ» አለች ቁልፍ ተካይዋ። «ልጅሽንም እንዲህ እንዳትሰርዢው።»

ቆራጯን ይቅርታ ጠየቅኳት። «ተይው፣ የልጅ እናት ምን እንቅልፍ አላት» አለች። እጇ ግን ጨርቁ ላይ እንደቆመ ቀረ።

እትዬ ካውያ የካውያቸውን ገመድ ሰኩ። «የስፌት መኪናሽን ወደዚህ ሳቢና ስልክሽን አጠገብሽ አድርጊ» አሉኝ።

«እትዬ፣ መቶ አስራ ስምንት እኮ ነው።»

«ቁጥሩን አንቺ ያዥ። እኔ ካውያው ካልሞቀ አንዱም አይመጣልኝ።»

ካውያው ሞቀ። የመጀመሪያውን ሸሚዝ ጀርባ ሲያስኬዱ ማንጎራጎር ጀመሩ። ቁልፍ ተካይዋ አውቃው ስሙን ነገረችኝ፣ ስልኬ ላይ ፈልጌ አስገባሁ። ደረቱ ላይ ሲደርሱ ሁለተኛው መጣ። ዘፋኙን አያውቁትም። «ይሄ ቆራጯ ልጇ የተመረቀች ሰሞን ያመጣችው ነው»፤ «ይሄ አንቺ እርጉዝ ሳለሽ ያለቀስሽበት ነው» ይላሉ። ማልቀሴን እኔ ራሴ ረስቼዋለሁ። ካውያውን ውኃ ሊሞሉ ሲያቆሙ ዜማውም ይቆማል፤ ሲያነሱት ከቆመበት ይቀጥላል። ስፒከሩ ተዘግቶ፣ መኪኖቹ ብቻ እየጮሁ ቀኑን በዚህ ዋልነው። ሰማንያ ምናምን ላይ ስንደርስ ቀና ብዬ አየኋቸው። አጠገባቸው ስንት ዓመት ተቀምጬ፣ ማን አጠገብ እንደተቀመጥኩ አላውቅም ነበር።

አንዷን ዘፈን ብቻ ያወቃት ጠፋ። እትዬ ደጋግመው አንጎራጎሯት።

«ድምፅዎ ነው መሰለኝ የሸፈናት» አለች ቁልፍ ተካይዋ።

«ድምፄስ ድሮም እንፋሎት ነው» አሉ፣ ሳይስቁ።

ቆራጯ ያን ጊዜ መቀሷን አስቀምጣ ከጥጓ ግጥሙን ጀመረችው። ራሷ ያስገባቻት ነበረች። ከዚያች በኋላ ወደ ጨርቋ ተመለሰች፣ መቀሱም መናገር ጀመረ።

አስር ሰዓት ላይ የመጨረሻዋን አስገብቼ ቆጠርኩ። መቶ አስራ ስምንት፤ አንድ አልጎደለም። ቆራጯ ስልክ ላይም አስተካከልኩላት።

«ይህን ሁሉ የት አስቀምጠውት ነው?» አልኳቸው።

«ምን አስቀምጠዋለሁ። ስትሠሩ እያየኋችሁ ነው እንጂ» አሉና ካውያውን ነቀሉ።

ቆራጯ በተኛች በሦስተኛው ቀን ደወለች። ነርሷ ዝርዝሩን በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ትከፍትላታለች፣ በምሳ ሰዓት ታቆምላታለች።

«ዓይኔ እንደታሸገ ነው» አለችኝ፤ «ግን አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ኮሌታ ላይ ናችሁ።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ለአራት ተኩል አንድ ደቂቃ ይቀረዋል። ከመርፌዬ ሥር ያለው ኮሌታ ነበር። ስልኩን እትዬ ካውያ ጆሮ ላይ ያዝኩላቸው። እሳቸው እሷ ጋ የሚዘፈነውን አዳመጡ፣ እኛ ጋ የሚዘፈነውንም አዳመጡ።

«ያቺ ነርስ ቸኩላ ነው የከፈተችልሽ» አሏት፣ እጃቸው ሳይቆም። «በአንድ ደቂቃ ቀድመሽናል። ጠብቂን።»