ጭሱ በየት ይውጣ

ሮንዳ ስታምፐርን የማያውቃትን ሰው የመጀመሪያ ጥያቄዋ ግራ ያጋባዋል። በምሥራቅ ኬንታኪ ተራሮች መሃል፣ ከወንዙ ድልድይ ወዲህ ባለችው የቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል ቱቦ ስታጥፍና ስትበይድ ኖራለች። ፒክአፑን ይዞ የሚመጣ ወንድ ሁሉ ሊያወራት የሚፈልገው ስለ ድምፅ ነው፤ ጎርናና ይሁን፣ ያጉረምርም፣ ወይስ ነዳጅ ሲረገጥ እንደ ርችት ይንጣጣ። እሷ ግን ጓንቷን እያወለቀች፣ «ከአንተ ጋር ማን ይቀመጣል?» ትላለች።

«ሚስ ሮንዳ፣ ሊያገቡኝ ነው እንዴ?» ይሏታል ቀልደኞቹ።

«ያንተን ካልሲ ማን ሊያጥብ» ትልና፣ መልሱን እስክታገኝ ድረስ ሜትሯን አታነሳም።

ጥያቄው የአባቷ ነው። እሷ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለች፣ አባቷ ሆይት ለአንድ ጎረቤት የጭስ ቱቦውን ከመኪናው ሆድ ስር አሳጥሮ ቆረጠለት። በኅዳር የአጋዘን አደን ሲከፈት የጎረቤቱ ሁለት ልጆች ከኋላ፣ የዕቃ መጫኛው ላይ በተገጠመው ክዳን ስር ተኝተው ወደ ቤት ተመለሱ። ጭሱ ክዳኑ ስር ገብቶ ኖሯል፤ የነቃው ታላቁ ብቻ ነው። ለታናሹ ቀብር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጣ፤ ሆይትን የከሰሰው ግን የለም። እንዲያውም የልጁ እናት ለለቅሶ ከመጣላት ኬክ ቆርሳ ላከችለት። ኬኩ ሳይነካ ጠረጴዛው ላይ ደረቀ። ሆይት ከዚያ ወዲያ ነው መጠየቅ የጀመረው።

ብሪስ ናፒየር የመጣው ጥቅምት ላይ፣ ሐሙስ ቀን ነው። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ እንጨት መሰንጠቂያው ፋብሪካ ይሠራል፤ ፒክአፗን ከገዛት ገና ሁለት ወሩ። ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ ሲያልመው የከረመውን በአንድ ትንፋሽ አወረደው።

«ሁለት ቱቦ፣ ግራና ቀኝ። ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ አውጥተው ይጣሉልኝና ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ቆርጠው ይተዉልኝ።»

«ድምፁን ማን መረጠልህ?»

«የአጎቴ ልጅ ክሌም እንደዚህ ነው ያሠራው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ሲያስነሳት ፓስተሩ ቡራኬውን አቋርጦ አዳመጠ።»

«ደንግጦ ይሆናል» አለች ሮንዳ። ጠመኔ አንሥታ ሲሚንቶው ወለል ላይ የመኪና ሆድ ሣለች። «እየው፣ ሦስት መንገድ አለ። ሁለቱንም ቱቦ ከኋላ ጎማዎቹ አክስል በላይ አሳልፌ እስከ ኋላ መከላከያው ጫፍ ላወጣቸው እችላለሁ። ወይም የኋላ ጎማውን አልፌ ወደ ጎን አዞራቸዋለሁ፤ ይሄ ለዓይንም ያምራል። ሦስተኛው ያንተ ነው። እሱን አልሠራም።»

«ለምን? ድምፁ እኮ ከመሬት ነጥሮ ሲመጣ ነው የሚጥመው። እስከ ኋላ ከሄደማ የሚሰማው ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ነው። እኔ ከፍዬ ለሱ ላሰማው?»

ሳቋ አመለጣት። ዞራ መኪናዋን ስታይ ግን ሳቁ ከፊቷ ጠፋ። ከኋላ ወንበር በላይ ያለችው ተንሸራታች መስኮት በጣት ስፋት ተከፍታለች፤ መቆለፊያዋ ተሰብሯል፣ ጎማዋም ተልጦ አልቋል። ከመስኮቷ ስር የሕፃን መቀመጫ ታስሯል፤ ብስኩት ተፈርፍሮበታል።

«ይቺ መስኮት ለምንድነው የተከፈተችው?»

«ድምፁን ለመስማት ነዋ። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

አልዋሸም። በዚያ ሸለቆ ቱቦውን ያሠራ ሁሉ፣ ብርድ እንኳ ቢሆን፣ ያቺን መስኮት ከፍቶ ነው የሚነዳው። ገንዘቡን ያወጣበትን ሊሰማ።

«ስማኝ ልጄ። መኪና ሲሮጥ ከጋቢናው ጀርባ ያለው አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። ሆዷ ስር የቀረውን ጭስ በዚህች ቀዳዳ ጎትቶ ያስገባዋል። ይሸተኛል ብለህ እንዳትታለል። የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም።»

«ሚስ ሮንዳ፣ ስብከቱን እሁድ ሰምቻለሁ። እኔ ጋራዥ መስሎኝ ነበር የመጣሁት።»

«ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሜይቤል? ሦስት።» ቁልፉን ጣቱ ላይ አዞረ። «ከተራራው ማዶ ጋራዥ ያለው ሰውዬ ጥያቄ አያበዛም ይላሉ።»

ሄደ። ሮንዳ በጠመኔ የሣለችውን በእግሯ አጠፋችው። ለሚስቱ ለኬይላ ልደውልላት ብላ ስልኩን አነሣች፤ ደግሞ በሰው ትዳር ምን ጥልቅ አደረገኝ ብላ አስቀመጠችው። በኋላ ራሷን የወቀሰችው በዚህ ነው።

ሰኞ ጠዋት ቡናዋን ይዛ ደጅ ቆማ ሳለ ከድልድዩ ማዶ ድምፁ መጣ። ማየት አላስፈለጋትም። ሠላሳ ዓመት ያዳመጠ ጆሮ ቱቦ የት ላይ እንደተቆረጠ ይለያል። ብሪስ በጋራዧ በር ሲያልፍ ነዳጁን ረገጥ አደረገ፤ ሰላምታም ይሁን ሽሙጥ እሱ ነው የሚያውቀው። ማክሰኞም አለፈ፣ ረቡዕም አለፈ። ቅጠሉ ረገፈ፣ ውርጭ ወረደ፣ ድምፁ ግን አልቀረም። በዘገየ ቀን ደግሞ ባሰባት፤ እስኪያልፍ ድረስ እጇ ሥራ አይዝላትም ነበር።

ኅዳር በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ ከቀትር በፊት፣ ሮንዳ ሱቅ ውስጥ የበቆሎ ዱቄት ስታነሣ ኬይላን ከመደርደሪያው ጫፍ አገኘቻት። ፊቷ ገርጥቷል፤ ግንባሯን በመዳፏ ይዛ የራስ ምታት ክኒን ትመርጣለች።

«አመመሽ እንዴ፣ የኔ ልጅ?»

«ምን እባክዎ፣ ይሄ ራስ ምታት። መኪና ውስጥ ይጀምረኛል፤ ስወርድ ትንሽ ቆይቶ ይተወኛል። እናቴ አርግዘሽ ነው ትለኛለች።» ሳቅ አለች። «ሜይቤል ግን ተስማምቷታል። ድሮ መኪና ውስጥ ጩኸቷ አያስቀምጠንም ነበር። ብሪስ አዲሶቹን ቱቦዎች ካስገጠመ ወዲህ ድልድዩ ጋ ሳንደርስ ድብን ብላ ትተኛለች። ድምፁ እንደ እሹሩሩ ሆኖላት ነው መሰለኝ።»

የሮንዳ እጅ ዱቄቱን እንደያዘ ቀረ።

«አሁን የት ነች?»

«ውጭ፣ ከአባቷ ጋር። ተኝታለች። እናቴ ጋ ልንሄድ ነው፤ ሦስት ሰዓት መንገድ ስለሆነ እንቅልፏን...»

የቀረውን አልሰማችም። ዱቄቱን ወለሉ ላይ ጥላ ወጣች። ፒክአፗ ጀርባዋን ለሱቁ ግድግዳ ሰጥታ ቆማለች፤ ለማሞቂያው ሲባል ሞተሯ አልጠፋም። ግድግዳው ጭሱን እየመለሰ ከሆዷ ስር ያከማቸዋል። ብሪስ የሱቁን በር ተደግፎ፣ ደጅ ላይ ከአንድ ሰው ጋር ስለ አጋዘን ያወራል። ሮንዳ ሰላም ሳትል አልፋው የመኪናዋን የኋላ በር ከፈተች፤ ቀበቶውን ፈትታ ልጅቷን አነሣች።

«ኧረ! ሚስ ሮንዳ፣ ምን እየሆኑ ነው? ልጄን ያስቀምጧት!»

«ሞተሩን አጥፋ።»

«ያስቀምጧት አልኩ እኮ!»

«አጥፋው ብሪስ። ከዚያ ልጅህን ያዛት።»

ሜይቤል ክንዷ ላይ እንደ ረጠበ ፎጣ ተንጠለጠለች። ጉንጮቿ ቀልተዋል፤ ጤናማ ልጅ ትመስላለች፤ ያ ነው የሚያስፈራው። ሮንዳ ከግድግዳው ርቃ ነፋሱ ወደሚነፍስበት ወሰደቻት፤ ስሟን ጠራች፤ ጀርባዋን አሸች። ኬይላ እየሮጠች መጣች። ከብሪስ ጋር ያወራ የነበረው ሰውዬ ወደ አምቡላንስ ደወለ። ልጅቷ ዓይኗን ገለጠችና መልሳ ከደነች።

«ተኝታ እኮ ነው» አለ ብሪስ። ድምፁ እንደ ልጅ ቀጥኖ ነበር። «ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምትተኛው።»

ብዙ ቆይታ፣ ወይም ብዙ መስሏቸው፣ ሜይቤል የሮንዳ ጃኬት ላይ አስመለሰችና በደካማ ድምፅ ማልቀስ ጀመረች። ኬይላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሆስፒታሉ እናትና ልጅን ኦክስጅን ሰጥቶ አሳደረ። ሐኪሙ ጭሱ አእምሮዋን ነክቶት እንደሆነ ልጅቷ ስታድግ እናያለን እንጂ ዛሬ ላይ ሆነን ምንም ማለት አንችልም አላቸው።

ሰኞ ፒክአፗ በሌላ መኪና ተጎትታ ሮንዳ ጋ መጣች። ብሪስ ሊፍቱ ስር ቆሞ ጥቀርሻ የለበሰውን የመኪናዋን ሆድ ሲያይ ቆየ።

«በየት ይውጣልህ?» አለችው።

«እርስዎ ባሉት።»

ማርሚታውን መለሰችለት፤ ቱቦዎቹን እስከ መከላከያው ጫፍ አወጣች፤ መስኮቷንም አዲስ ጎማ አልብሳ ዘጋቻት። ስትጨርስ የማዶውን ሰውዬ ስም ጠይቃው ጻፈች። ማክሰኞ ጋራዧን ዘግታ ተራራውን ተሻገረች። ምን እንደተባባሉ አልተናገረችም፤ ስትመለስ ግን የሰውዬው ጓሮ ውስጥ አራት ፒክአፕ ተራ እንደሚጠብቁ ማየቷን ለኬይላ ነግራታለች።

ሜይቤል አሁን ስድስት ዓመቷ ነው፤ ትሮጣለች፣ ፊደል ታነባለች፣ አፍ እላፊዋም ለጉድ ነው። ኬይላ ግን መኪና ውስጥ አታስተኛትም። ዓይኗ ሲከደን ጉልበቷን ትነካታለች፤ ልጅቷ ትነጫነጫለች።

«እማዬ፣ እንቅልፌ መጥቷል እኮ።»

«አውቃለሁ የኔ እናት» ትላታለች፤ «አውሪኝ ብቻ፤ ቤት እስክንደርስ አውሪኝ።»