ኮምጣጣው የአዋቂ ነው

ገና የጠላ ቤት ልጅ ሳለሁ፣ ዳባት ላይ፣ ኮምጣጣ ጠላ እወዳለሁ የሚል ሰው ሁሉ ውሸታም እንደሆነ አውቅ ነበር። ዛሬም አውቃለሁ። ባለፈው ሰሞን ደባርቅ፣ አንድ ሎጅ ውስጥ፣ አብሮኝ የሚያስተምር ሰለሞን የሚባል ሰው ሆን ተብሎ የኮመጠጠ የፈረንጅ ቢራ ቀዳልኝ። ፉት ብዬ ፊቴ ሲጨማደድ ጊዜ፣ «ቀስ በቀስ ነው የሚለመደው፤ ቴስትሽ ሲያድግ ይገባሻል» አለኝ። አይ ድፍረት! እሱ ራሱ በተጎነጨ ቁጥር አንድ ዓይኑ ይጨፈናል። እኔ እኮ ይህን ተረት የሰማሁት የወተት ጥርሴ ሳይነቀል ነው፤ ያውም ተረት ከሚያውቅ ሰው።

ሰውየው አያ ጥሩነህ ናቸው። ሰሜን ተራሮች፣ ሳንቃ በር በሚባለው ቦታ ለጎብኚ በቅሎ ሲጭኑ ኖረው፣ እግራቸው እምቢ ሲል ወደ ዳባት መጡና እናቴ ጠላ ቤት፣ ከምድጃው አጠገብ ያለችውን መደብ ያዙ። ያኔ መብራታችን ኩራዝ ነበር። የወይራው ፍም እየቀላ፣ ጋን የታጠነበት ጭስ ከጌሾው ሽታ ጋር ቤቱን ሞልቶት፣ እሳቸው ዱላቸውን ከጉልበታቸው መካከል አቁመው ሲያወሩ፣ እኔ ከእናቴ ኋላ ተወሽቄ አፌን ከፍቼ እሰማ ነበር። እንደ እሳቸው ያለ ተረት ነጋሪ ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም።

ኪሳቸው ግን ባዶ ነበር። እናቴም የምትቀዳላቸው ከጋኑ ግርጌ የቀረውን፣ ሌላ ደንበኛ የማይነካውን፣ አፍ የሚያጣምመውን ጠላ ነበር፤ እሱን በነጻ። አያ ጥሩነህ ታዲያ አንገታቸውን ደፍተው አልጠጡትም፤ ተረት አበጁለት። አንድ የጭላዳ ዝንጀሮ አለቃ ነበር አሉ። ሰርግ ቤት ገብቶ ጣፋጩን ጠላ ሲገለብጥ ውሎ፣ ወደ ዋሻው ሲመለስ ገደል ገባ። ታላቅ ወንድሙ ግን የተረፈችውን ኮምጣጣ ቀምሶ፣ ዓይኑ በርቶለት፣ በገደሉ ጠርዝ ተራምዶ ቤቱ ገባ። «እና ልጆቼ፣ ጣፋጩ የልጅ ነው፤ ኮምጣጣው የአዋቂ ነው» ይሉና ጣሳቸውን ጭልጥ ያደርጋሉ።

የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ይህን ሰምቶ አዋቂ ልሁን አለ። «እት ሙሉ፣ ለእኔም ከአያ ጥሩነህ ጠላ!» ይላታል እናቴን፣ ገና ከበሩ ሳይገባ። እንባው ኩልል እያለ ይጠጣና፣ ጢም ያላበቀለ ከንፈሩን ጠርጎ፣ «እህ! ጠላስ ይኼ ነው!» ይላል። ወይ ከብትነት! እናቴ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ትቀዳላቸው ነበር።

ከደባርቅ የሚመጣ አንድ እህል ነጋዴ ነበር፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ። አዲስ ጋን በተከፈተበት ምሽት «ዛሬ ሁሉም በእኔ ነው! ለሽማግሌውም ከአዲሱ ቅጂላቸው» አለ። አያ ጥሩነህ ከጌታዋ ስለጠፋች በቅሎ እያወጉን ነበር። እናቴ ደንገጥ ብላ፣ «አያ ጥሩነህ ይህን አይጠጡም» አለች። «ቅጂ አልሁሽ!» አላት፣ ቤቱ የእሱ ይመስል። ቀዳች።

አያ ጥሩነህ ጣሳውን አፋቸው ላይ ደፍተው ሳይተነፍሱ ጨለጡት። ጠርዙ ላይ የቀረችውን አረፋ በጣታቸው ጠርገው ላሱ። ከዚያ፣ ምን እንዳደረጉ ሳይታወቃቸው፣ ጣሳውን ለእናቴ ዘረጉላት። ነጋዴው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ለካስ ኮምጣጣ ወደው አይደለም፣ ቀጂ አጥተው ኖሯል!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ አስበልጠው የሳቁት እነዚያ እንባቸውን እያፈሰሱ ሲጠጡ የከረሙት ጎረምሶች ነበሩ። አያ ጥሩነህ ተረቱን ሳይጨርሱ ዱላቸውን አንስተው ወጡ፤ በማግስቱም አልመጡ፣ በሠልስቱም።

እናቴ ከአዲሱ ጠላ በማሰሮ አስይዛ ላከችኝ። ከደጃቸው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ማሰሮውን አሸተቱና መልሰው ሰጡኝ። «ይቺ የልጅ ናት። ለእናትሽ ኮምጣጣው ሲኖር እመጣለሁ በያት» አሉ። ተናደድሁ። እኔ የጠፋችው በቅሎ መድረሻ ቸግሮኛል፣ እሳቸው ይኮራሉ!

ቀጥሎ የተጠመቀው ጋን ሲደርስ እናቴ አልሸጠችውም። ክዳኑን አንስታ ተወችው። ሰው ሲጠይቅ «አልደረሰም» ትላለች። «እማ፣ ደርሷል እኮ! ሊበላሽ ነው!» ብላት፣ «አንቺን ማን ጠየቀሽ?» ብላ በዓይኗ ገረመመችኝ። ያ ጋን የሳምንት ጉርሳችን ነበር። ሰባራ ሳንቲም ሳያመጣ፣ ዓይኔ እያየ፣ ኮመጠጠ። ከዚያ «ሂጂ፣ የእርስዎ ጋን ተከፈተ በያቸው» አለችኝ።

አያ ጥሩነህ መጥተው ከበሩ ላይ ቆሙ። ያ ነጋዴም እነዚያ ጎረምሶችም ነበሩ። ጠላ የምታቀርብ ሴት አስቀድማ ራሷ መቅመሷ ወግ ነው፤ እናቴ ከጆጉ መዳፏ ላይ ቀዳችና ጠጣች። ቅንድቧ እንኳ አልተነቃነቀም። ደገመች። «እሰይ! አያ ጥሩነህ ያሉት ዛሬ ገና ገባኝ። ለካ ይህን ያህል ዘመን የምጠጣው የልጅ ኖሯል» አለች። እኔ ልጇ እንኳ አመንኋት። ለእሳቸው ቀድታ ወደ ነጋዴው ዞረች። «አንተም ቅመስ። ካልቻልህ ግን ተወው፣ ማንም አይፈርድብህም።»

ማን ይተወዋል? ያ ሁሉ ሰው እያየው ጨለጠ። ዓይኑ ቀላ፣ አንገቱ ተወጠረ። «ግሩም ነው» አለ፣ ድምፁ ሰልሎ። ጎረምሶቹም ተከትለው፣ «እህ! ጠላስ ይኼ ነው!» አሉ። አያ ጥሩነህ ቦታቸው ላይ ተቀምጠው ዱላቸውን አቆሙና፣ «የቱ ላይ ነበርን? በቅሎዪቱ ወንዙን ተሻግራለች?» አሉ። «ተሻግራለች!» አልሁ፣ ከሁሉ ቀድሜ። እናቴ በዚያው ጓዳ ገባች።

የበቅሎዪቱ መጨረሻ ዛሬ ጠፍቶብኛል፤ አያ ጥሩነህም ካረፉ ቆዩ። ኮምጣጣ እወዳለሁ ያለኝ ሰው ግን ከዚያ ወዲህ ስፍር ቁጥር የለውም፤ አንዱንም አላመንሁ። በዕድሜዬ ያመንሁት አንዲት ሴት ብቻ ነው፤ እሷንም ተከትያት ጓዳ ስገባ፣ ድምፅ እንዳይሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ስታስመልስ አገኘኋት።