ፋሻው ሥር የገባው ውሃ

የነፊሳ ግራ እግር ሐሙስ ጠዋት ሊቆረጥ ቀን ተይዞለት ነበር። ማክሰኞ ለመጨረሻው ምርመራ ደግፌ የወሰድኋት እኔ ነኝ፤ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ሱቃችን ጎን ለጎን ነው። የሕክምናውን ነገር ስጽፍ ከተሳሳትሁ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ነፊሳ የወረታ ሩዝ በጅምላ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ስኳር በሽታ እግሯን አደንዝዞት ስለነበር ጫማዋን በስቶ የገባውን ምስማር ያወቀችው ካልሲዋ በደም ርሶ ስታየው ነው። ቁስሉ ስድስት ወር አልድን ሲል ዶክተር አስማማው አዲስ ቅባት ወደሚሞከርበት ጥናት አስገቧት። ቅባቱ እንደ አንዳንዶቹ የኮሮና ክትባቶች አር ኤን ኤ የሚባል ነገር አለው፤ ለቆዳዋ ሕዋሶች ቁስሉን የሚዘጉበትን ትእዛዝ ያደርሳል አሉን። የሰጧት ወረቀት ገላዋን ስትታጠብ ፋሻውን በላስቲክ እንድትሸፍን ያዝዛል።

ዶክተሩ ቁስሉ ላይ ውስጡን የሚያሳይ ስስ ላስቲክ አስቀምጠው የቁስሉን ዳርቻ ተከትለው በእስክሪብቶ አሰመሩበት። መስመሩ ከሦስት ሳምንት በፊት ከተሠመረው ጋር ገጠመ፤ ቁስሉ ምንም አልጠበበም። ሌሎቹን ያዳነ ቅባት እሷ ላይ ለምን እንዳልሠራ አልገባኝም ብለው የቀዶ ሕክምናውን ቅጽ ሊያመጡ ወጡ።

ነርሷ ሪሃብ ልታስር ፋሻ ስታነሣ የዙሁር፣ የቀትሩ ሶላት፣ አዛን ተሰማ። ነፊሳ ከመታሰሩ በፊት ለሶላት ልታጠብ፣ ውዱእ ላድርግ፣ ቧንቧው የት ነው አለቻት። የሪሃብ እጅ ቆመ።

"እትዬ ነፊሳ፣ ይህን እግር ለሶላት ያጥቡታል?"

"ታዲያ በአንድ እግር ልስገድ?"

"ወረቀቱ ውሃ አይንካው ይላል እኮ።"

"ወረቀቱ ገላ ነው የሚለው። ገላዬንማ በላስቲክ ጠፍሬ ነው የምታጠብ።"

በቀን አምስት ጊዜ ፋሻውን አላልታ፣ ውሃ አፍስሳ፣ በፎጣ ስታደርቀው ከርማለች። ሪሃብ ውሃው ቅባቱን ጠርጎ እንደሚወስደው ነገረቻት፤ ለቆሰለ ሰው በፋሻው ላይ በእርጥብ እጅ ማበስ ለሶላት እንደሚበቃም አስታወሰቻት። ነፊሳ ያ ፈቃድ አጥንቱ ለተሰበረ ብቻ ይመስላት ነበር። ቀጥሎ ፊቷ ተለወጠ። ደንቡን የጣሰ ከጥናቱ ይወጣል፤ ብትናገር ቅባቱን ታጣለች፤ ዝም ብትል ሐሙስ አለ። ሪሃብን አትንገሪብኝ ብላ እጇን ያዘች።

ዶክተሩ ተመልሰው ቅጹን ዘረጉላት። እስክሪብቶውን ተቀብላ ሳትፈርም መለሰችላቸው።

"ዶክተር፣ መድኃኒትዎ አልሰነፈም። እያጠብሁ የደፋሁት እኔ ነኝ።"

ሁሉንም ሰምተው ቁስሉን እንደገና መረመሩ። አጥንቱ አልተነካም። ወደ ጥናቱ ኃላፊ ሊደውሉ ወጡ። በበሩ መስታወት በኩል ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ እናያለን፣ የሚሉት ግን አይሰማም። ነፊሳ ቅጹን በጉልበቷ ላይ እያጠፈች ትዘረጋው ነበር። ሲመለሱ ከጥናቱ ውጤት መሰረዟን፣ ቅባቱ ግን ለሁለት ሳምንት መፈቀዱን ነገሯት፤ ትኩሳት ከመጣ ወይም መስመሩ ካልጠበበ ቀዶ ሕክምናው አይቀርም።

ከዚያ ወዲህ ነፊሳ ለሶላት ፋሻውን ከላይ ብቻ ታብሰው ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ዶክተሩ አዲሱን ላስቲክ በአሮጌው ላይ ደረቡት። መስመሩ የሩዝ ፍሬ ወርድ ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል። ይቆረጣል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

"ለጊዜው አይቆረጥም" አሏት።

"ለጊዜው" የሚለው ቃል አልጣማትም። ቢሆንም እጄን ለቀቀችና ቀስ ብላ በሁለት እግሯ ቆመች።