ከሳንባ ምች በኋላ ያነሳኝ የኮሪያ ዓሣ

ሕመሙ ብርድ ብርድ በማለት ጀመረኝ። በሁዳዴ፣ ከሞላሌ ገበያ ስመለስ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ውርጩ ነው ብዬ ናቅሁት። በሦስተኛው ቀን ጎኔን ወጋኝ። አክታዬ ዝገት መሰለ። ትንፋሽ አጠረኝ። በቃሬዛ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ።

ሐኪሙ ኒሞኒያ ነው አለ፤ የሳንባ ምች ማለት ነው። ኦክስጅንና አንቲባዮቲክ ሰጡኝ። ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ ምግብ ግን ዘጋኝ። ሲያስወጣኝ፣ «እማማ፣ መድኃኒቱ የድርሻውን ሠርቷል። እንቁላል ወይም ዓሣ ካልበሉ ጉልበትዎ አይመለስም» አለኝ።

ጾም ነው አልኩ። አልበላሁም። ከአልጋ መነሳት አቃተኝ።

የልጄ ልጅ ትዕግሥት አዲስ አበባ ኮሪያውያን ቤት ምግብ ታበስላለች። ልታስታምመኝ ስትመጣ የደረቀ ዓሣ ይዛ መጣች። በአገራቸው ተራራ ላይ ውርጭና ነፋስ የሚያደርቀው፣ እንደ ቋንጣ ያለ ነው። እምቢ ስላት የነፍስ አባቴን ጠራችብኝ።

«ለሕመምተኛ ተፈቅዷል፤ ብዪ» አሉኝ።

«ለአስካለስ?» አልኩ። ጎረቤቴ ናት፤ በዚያው ሕመም ማቅቃ ቆሎና ውኃ ብቻ ትቀምሳለች። የሚጠይቅላት ልጅ የላትም።

«እሷ መቼ ጠየቀችኝ?»

«እኔስ መቼ ጠየቅሁዎ? የሚጠራልኝ ስላለ ነው የመጡት። ለሷም ሳይነግሯት አልጎርስም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ተኝተሽም ታዢኛለሽ!» ብለው ሳቁና ወደ አስካለ ቤት ሄዱ።

እኔም ትዕግሥትን፣ «ቋንጣ ምን ይዘፈዘፋል? ቶሎ ድስት ውስጥ ክተቺው» ብዬ አጣደፍኳት። አስካለም ተፈቅዶላት በሰው ተደግፋ መጣች፤ አንድ ጉርሻ አላመጠችና፣ «ሽታዬ፣ ቀንበር ነው እንዴ ያበላሽኝ?» አለችኝ።

ጥፋቱ የኔ ነበር። በማግስቱ ትዕግሥት በራሷ መንገድ ሠራችው፤ ዓሣውን በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፋ ሲለሰልስ ጨመቀችው፣ እሾሁን ለቀመች፣ ከሥር ድንች ደረደረች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በርበሬ፣ ማርና ጥቁሩን የአኩሪ አተር ሶስ በውኃ አቅጥና አፈሰሰችበትና መረቁ ወፍሮ ዓሣው ላይ እስኪጣበቅ ድረስ በዝግታ አበሰለችው። እኩል ለሁለት ከፈልኩት። ያን ቀን ሦስት ጉርሻ በላሁ፣ በሚቀጥለው ቀን አምስት፤ እያለ እያለ ለፋሲካ ሁለታችንም በእግራችን ቤተ ክርስቲያን ደረስን።

አምላኬን፣ ሐኪሙን፣ ትዕግሥትንና የነፍስ አባቴን አመሰግናለሁ። እናንተም በዚህ ሕመም የተኛችሁ፣ መድኃኒታችሁን ሳትጨርሱ አታቋርጡ። ምግብ ቢዘጋችሁም ትንሽ ትንሽ ቅመሱ። በጾሙ ነገር ራሳችሁ አትፍረዱ፤ የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ። ስትጠይቁም ጠያቂ ለሌላት ጎረቤታችሁ ጨምራችሁ ጠይቁ። ለእኔ ብቻ ቢፈቀድ ኖሮ አልጎርስም ነበር።