«ቃረመ» የሚለውን ግስ ስጽፍ

ባለፈው ዓመት ሰቆጣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ለተማሪዎች የምትሆን ትንሽ መዝገበ ቃላት ሊያዘጋጅ ተነሣና ለእኔ ግሶች ደረሱኝ። ትርጉሙን፣ መነሻውን፣ ከማን እንደሰማኸው ጻፍ ተባልሁ። አንዱ «ቃረመ» ነበር። ይሄማ ምን ይቸግራል ብዬ «አዝመራ ከተነሣ በኋላ ድሃ የወደቀ እህል ለቀመ» ብዬ ጻፍሁ። ከማን እንደሰማሁ በሚጠይቀው ቦታ ደግሞ «ከአገር ሽማግሌዎች» አልሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እናቴ ከሞተች በኋላ ከሰቆጣ ወዲያ ዝቋላ ወረዳ ያሉት አክስቴ ያሳደጉኝ በቃርሚያ ማሽላ ነው። ይህን ለባልደረቦቼ አንድም ቀን ተንፍሼ አላውቅም፤ አፍር ነበር።

የቃሉ መነሻ ግን ጠፋኝ፤ አክስቴን ልጠይቅ ሄድሁ። ከቤታችን ቋንቋ ከኽምጣኛ የተወረሰ ይሆን ወይ ብላቸው ከት ብለው ሳቁ፤ ከማሳ ነው እንጂ ከየት ሊመጣ ኖሯል አሉኝ። ማንበብ ስለማይችሉ፣ የጻፍኸውን እስቲ አሰማኝ አሉ። አነበብሁላቸው።

እኔን ሲቆጡ ከኽምጣኛ ወደ አማርኛ ይዞራሉ፤ ያን ዕለትም ዞሩ።

«የወደቀ ያለህ ማነው? የተተወ ነው።»

ከዚያ እንደ ሕፃን አስረዱኝ። አጫጁ የማሳው ዳር ሲደርስ ጥቂት የማሽላ ራስ እያየ ያልፋል፤ ባሏ የሞተባት እንዳለች ያውቃላ። ባለማሳው የመጨረሻውን ሸክም አንሥቶ ሳይወጣ ቃራሚ እግሯን አታስገባም። እሱም ከወጣ ወዲያ ዞሮ ማየቱ ነውር ነው፣ ሴትዮዋ እንዳታፍር። እኔ ያን ሁሉ ዘመን አብሬያቸው ስለቅም ይህን ልብ አላልሁም፤ የማየው መሬት መሬቱን ነበር።

«ቃርሜ አሳደግሁህ እንጂ ለምኜ አላሳደግሁህም» አሉ።

እዚያው «ድሃ» እና «የወደቀ» የሚሉትን ሰርዤ «የተተወለትን እህል ሰበሰበ» ብዬ አነበብሁላቸው። ደህና ነው አሉ። ልጆቹ ሁሉ ያነቡታል ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አዎ አልኋቸው። አስተማሪዎቹስ? እነሱም።

«እንግዲያስ ማን እንደቃረመልህም ጻፍ» አሉ።

ሽማግሌዎቹን ሰርዤ «ካሳደጉኝ አክስቴ፣ ለእኔ ሲቃርሙ» ብዬ ጻፍሁ። ሰኞ ዕለት ወረቀቱን መዝገቡን ለሚያሰናዳው ባልደረባዬ ሰጠሁት። አንብቦ ቀና ብሎ አየኝ። አላቀረቀርሁም።